ማዳም ከንፈራቸውን ሲቀቡ፦ የሰባት ቀን የፈረንሳይ ጉዞ ማስታወሻ

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳዮች ከሰጡት ሰፊ ግቢ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በዚያ አጥር ሥር እናልፋለን። አንዳንድ ቀን አንዲት ፈረንሳዊት በእግሯ ትወጣለች። ግራጫ ካፖርት፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ፣ አንገቷ ላይ ጣል ያደረገችው ሻርፕ። ልጆቹ ሁሉ ቆመን እናያታለን። እሷ ግን ማንም እንደማያያት ሆና ታልፋለች።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሲንጀሯ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከመጽሔት የተቆረጡ የፓሪስ ሴቶች ተለጥፈው ነበር። ደንበኞቿ ገና ሳይቀመጡ አንዷን በጣታቸው እያሳዩ «እንደሷ አድርጊልኝ» ይሏታል። ሙያውን የወረስኩት ከእሷ ነው። ዛሬ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሥዕሎቹ ቢጫ ሆነው ተቀዳደዱ። «እንደሷ አድርጊልኝ» የሚለው ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ባለፈው ግንቦት ፓሪስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጠራችኝ። እታለም ነው የምላት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የገዛሁትን አንድ ስስ ነጠላ ከተትኩ። ልቤ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያቺ ግድግዳ ላይ የነበረችው ሴት በእውነት መኖሯን ማየት።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ቀን፣ ግንቦት 3

ጠዋት አረፍን። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ተሳፍሬ ጋር ዱ ኖር ወረድኩ። «ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያ ነው። የኛ ለገሃር የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። ሰሌዳው ላይ ሳነበው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

እታለም መውጫው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ደጋግማ ሳመችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። አጠገባችን ሁለት ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ሁለቴ ተነካክተው ተለያዩ። ፓሪስ ሁለቴ ነው አለችኝ።

ዓይኔ ያቺን ሴት ይፈልግ ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴት፣ ቫዮሊን ያነገተች ተማሪ፣ የባቡር ሠራተኛ ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት። የእታለም ቤት ሻቶ ሩዥ አጠገብ ነው። መንገዱ ዳር ካሳቫና የሚጠበስ ሙዝ ይሸጣል። በየሱቁ ደማቅ የአፍሪካ ጨርቅ ተሰቅሏል። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን መስኮት አጠገብ አድርገው ይሠራሉ።

«ፈረንሳዮቹ የት ናቸው?» አልኳት።

«አልፈውሻል እኮ» አለችኝ። «አሁን ያየሻቸው ናቸው።»

ደክሞኝ ስለነበር ብዙ አልተነጋገርንም። ሽሮ ሠርታ በላን።

ሁለተኛ ቀን

እታለም ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች መርዳት ነው። ጠዋት ጠዋት የምትሄድላቸው ሴትዮ 86 ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ። ማዳም ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ልብስ ሰፊ መሆኔን ነግራቸው «ይዘሻት ነይ» ብለዋታል።

ቤታቸው አምስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ለሁለት ሰው እንኳን ይጠባል። ቁርሳቸው ቡናና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው። ከበሉ በኋላ ተነስተው መስታወት ፊት ቆሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀኙን በግራው ደግፈው ቀይ ሊፕስቲክ ተቀቡ። አልቸኮሉም። ኩል የለም፣ ፓውደር የለም፣ ጌጥ የለም። ነጭ ጸጉራቸው ከኋላ ተይዟል፤ ጥቂት ዘለላ አምልጦ ጆሯቸው ላይ ወርዷል። እሱን አልነኩትም።

እኔ በሙያዬ ሙሽራ አለብሳለሁ። የኛ ውበት ሲጀመር እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሹሩባው ይጠበቃል፣ ኩሉ ይኳላል፣ እንሶስላው ይሞቃል፣ ጌጡ ይደረደራል። እወደዋለሁ። እዚህ ግን አንድ ነገር ብቻ ተሠርቶ ሌላው ሲተው አየሁ። ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ አላጣም፤ ቀጥታ ከንፈራቸው ላይ ዐረፈ።

«ዛሬ እንግዳ አለ?» ብዬ በእታለም በኩል ጠየቅኳቸው።

«የለም። ግን ስልክ ሊደወል ይችላል። ከንፈሬን ሳልቀባ ስልክ አላነሳም።»

ከዚያ ስለ አክስቴ ግድግዳ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «እኔም እኮ ያቺን ሴት ያየኋት መጽሔት ላይ ነው» አሉ። «እናቴ የሁለታችንንም ልብስ የምትሰፋልን ከአሮጌ መጋረጃ ነበር።»

ቀጥለው የነገሩኝን ሙሉውን ልጻፈው፤ ከጉዞዬ ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነውና።

ያገቡት በ1961፣ በ22 ዓመታቸው ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ደሞዛቸውን ራሳቸው ሠርተው ያገኛሉ። በስማቸው የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ሲሄዱ ግን «ባልሽ ይፈርም» ተባሉ። ባላቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ እፈርማለሁ ብለው ነበር። ማዳም ግን እምቢ አሉ። «ፊርማው አልነበረም የከበደኝ። መለመኑ ነው» አሉኝ። ደሞዛቸውን በቆርቆሮ ሣጥን፣ ከብስኩት ሥር አስቀመጡ።

ሕጉ የተለወጠው በጁላይ 1965 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 1966። ከዚያ ወዲህ ባለትዳር ሴት ያለባሏ ፈቃድ መሥራትም፣ ሂሳብ መክፈትም ቻለች። ማዳም በዚያው ወር፣ ብርዱ ሳይወጣ፣ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ገዙ። ከንፈራቸውን ቀይ ቀቡ። የቆርቆሮ ሣጥኑን ይዘው ባንክ ገቡ።

«ያን ቀን መንገድ ላይ ሰው ሁሉ አየኝ» አሉ። «ቆንጆ ስለሆንኩ መሰላቸው።»

ካፖርቱ አሁንም አለ። ከቁም ሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። ወዲያው ገለበጥኩት። ልማዴ ነው፤ ልብስ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ገበሩ በእጅ የተሰፋ ነው። ሁለት ቦታ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ብብቱ አካባቢ ተበልቶ ጨርቅ ተደርጎበታል። ከውጭ ሲያዩት ግን ትናንት የተገዛ ይመስላል። 60 ዓመት ያህል አንድ ሰው እየተጠነቀቀለት ኖሯል።

እናታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በ1945 ነው። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1944፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የኛ እናቶች በ1957ቱ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል። በመካከል ያለው 12 ዓመት ብቻ ነው። አክስቴ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት ከኛ መቶ ዓመት የቀደመች ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ ቀን

ብቻዬን ወጣሁ። ኤፌል ማማ አካባቢ ቤሬት የሚሉትን ክብ ቆብ፣ ቀዩን፣ ያደረጉ ብዙ ሴቶች ፎቶ ይነሳሉ። ሁሉም እንደኔ ከውጭ የመጡ ናቸው። ከዳቦ ቤት ወጥተው ወደ ሥራ የሚሄዱት የሰፈሩ ሴቶች አንዳቸውም ቤሬት አላደረጉም። ሸሚዝ፣ ጂንስ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ጸጉራቸው ገና ከትራስ የተነሳ ይመስላል። እርምጃቸው ፈጣን ነው።

ፕላስ ደ ላ ኮንኮርድ የሚባለው አደባባይ ደረስኩ። ዛሬ መካከሉ ላይ የግብፅ ሐውልት ቆሟል፣ ዙሪያውን መኪና ይዞራል። በ1900 ግን እዚህ ትልቅ የዓለም ትርኢት መግቢያ በር ነበር። ከበሩ አናት ላይ አምስት ሜትር ያህል የምትረዝም የሴት ሐውልት ቆማ ነበር። ንግሥት አይደለችም፤ ቅድስትም አይደለችም። ስሟ «ላ ፓሪዚየን» ነው፤ የፓሪሷ ሴት። የለበሰችው የጊዜውን ፋሽን ነው። ልብሷ የዚያ ዘመን ታዋቂ ዲዛይነር የዣን ፓኬን ነው። ትርኢቱን ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ጎብኝቶታል።

እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ከተማዋ ለዓለም እንግዳ በር ከፋች አድርጋ የላከችው ሴትን ነው። በዚያው ዓመት የዚያች ከተማ ሴት ድምፅ መስጠት አትችልም። ሱሪ ለመልበስ እንኳን የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። ትእዛዙ የወጣው በ1800 ነው። ቆይቶ ትንሽ ላላ፤ የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም ከያዘች ይፈቀድላታል ተባለ። ማንም የማያስታውሰው ወረቀት ሆኖ ሲቆይ፣ ዋጋ እንደሌለው መንግሥት በይፋ የተናገረው በ2013 ነው። ሐውልት ሰጧት። ሱሪውን ነፈጓት።

ከዚያ ወደ ሩ ካምቦን ሄድኩ። ዝነኛዋ የልብስ ዲዛይነር ገብርኤል ሻኔል በ1910 የባርኔጣ ሱቅ የከፈተችበት መንገድ ነው። የተወለደችው በ1883 ሶሚር ከተማ ነው። እናቷ ስትሞት አባቷ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰጣት። የወንድ የውስጥ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ጀርሲ ጨርቅ ለሴት ቀሚስ አዋለችው። ሱቁ ውስጥ አልገባሁም። ያገለገለ ውድ ልብስ የሚሸጥበት ሌላ ሱቅ አግኝቼ ገባሁ። እዚህ አገር ሱቅ ሲገባ ሰላምታ ግዴታ ነው። «ቦንዡር ማዳም» ካላልሽ የለሽም። ጤና ይስጥልኝ ሳይባል ቤት እንደማይገባው እንደኛ ማለት ነው።

ባለሱቋ የሻኔል ጃኬት እንድይዝ ፈቀደችልኝ። ገለበጥኩት። የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ገበሩ ውስጥ በኩል፣ ቀጭን ሰንሰለት ዙሪያውን ተሰፍቷል። ጃኬቱ ከሰውነት ጋር ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የሚያደርገው ክብደቱ ነው። ከውጭ አይታይም። ሴትየዋ እጇን ብታነሳም፣ ብትቀመጥም፣ ጃኬቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። «እንዴት እንዲህ ሳይጨነቁ ያምርባቸዋል?» እያልን የምንጠይቀው ነገር መልሱ አንዱ ይኸው ነው። ከውስጥ የተሰፋ ብረት አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ ቁጭ ብላ በእጇ ሰፍታዋለች።

ሻኔል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአንድ የጀርመን መኮንን ጋር ትኖር ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ልክ አይመስለኝም። እኔ በልቤ ያስቀመጥኳት ሌላዋን፣ ማድሌን ቪዮኔን ነው። ጨርቁን በሰያፍ እየቆረጠች በሰውነት ላይ እንደ ውኃ እንዲፈስ ያደረገች ባለሙያ ናት። ለልብስ ሰፊዎቿ የሕፃናት ማቆያና ሐኪም አዘጋጅታላቸዋለች። ከሷም በላይ የማከብራቸው ስማቸው ያልተጻፈውን ነው። በግንቦት 1917 የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች መርፌያቸውን አስቀምጠው አደባባይ ወጡ። የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት ከነክፍያው ይሰጠን አሉ። በሚቀጥለው ወር ሕግ ሆነላቸው።

ማታ እታለም ከሥራ ስትወጣ በሜትሮው፣ በምድር ሥር ባቡሩ፣ በር ላይ ተገናኘን። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ከፊታችን ቆመች። አጭር ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ በጣም ታምራለች። ደረጃውን ከመውረዷ በፊት ከቦርሳዋ ትልቅ የወንድ ሸሚዝ አውጥታ ከላይ ደረበች። እስከ አንገቷ ቆለፈችው።

«በርዷት ነው?» አልኩ።

«የሜትሮ ሸሚዝ ነው» አለችኝ እታለም። «ወንዶቹ እንዳይለክፏት ነው። ስትወርድ ታወልቀዋለች።»

መንገድ ላይ ሴትን መልከፍ በ2018 በወጣ ሕግ ያስቀጣል። ልጅቷ ግን ሸሚዟን ይዛ ነው የምትሄደው። የፈረንሳይን ሴት እያየን የምናደንቅ ብዙ ነን። የኛ ዓይን ሲበዛ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ማታ ነው የገባኝ።

አራተኛ ቀን

ዘነበ። ፓንቴዮን ገባሁ። አገሪቱ ታላላቆቿን የምታሳርፍበት ሕንፃ ነው። ከላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ምስጋናውን የሚያቀርበው ለታላላቅ ወንዶች ነው። በራሷ ሥራ እዚያ ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪ ናት፤ ያውም በ1995። የተወለደችው ዋርሶ ነው። በ2021 ስሟ የገባው ጆሴፊን ቤከር ደግሞ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ የተወለደች ጥቁር ዳንሰኛ ናት። በጦርነቱ ለፈረንሳይ ምስጢር አሳልፋለች። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። የፈረንሳይ ሴት የሚባለውን ሥዕል ያቆሙት የውጭ ዓይኖች ብቻ አይደሉም፤ የውጭ እግሮችም ናቸው።

ሲሞን ቬይ መቃብር ፊት ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ከናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ከአውሽዊትዝ፣ የተረፈች ናት። ክንዷ ላይ የካምፑ ቁጥር ነበር። በ1974 የጤና ሚኒስትር ሆና ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደውን ረቂቅ ከሞላ ጎደል ወንድ ብቻ ለነበረው ምክር ቤት አቀረበች። በሕጉ የማይስማሙ አንባቢዎቼ ብዙ ናቸው፤ አውቃለሁ። እኔ የማነሳው አቋቋሟን ነው። ፎቶውን አይቻለሁ። ጸጉሯ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ተጠቅልሎ ታስሯል። ክፉ ቃል ሲወረውሩባት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አምስተኛ ቀን

እታለም ዕረፍት ወሰደች። ከጋር ደ ሊዮን ተሳፍረን ወደ ደቡብ ወረድን። ወደ ግራስ ነው የምንሄደው፤ የሽቶ ከተማ። ባቡሩ ይበራል። በመስኮት አረንጓዴ ማሳ፣ ቀጥሎ ወይን፣ ቀጥሎ ነጭ ድንጋይ አለፈ።

አቪኞን ስንደርስ እታለም ዝም አለች። ከዚያ ነገሩን አነሳችው።

ወይዘሮ ዢዜል ፔሊኮን ዓለም የሚያውቃቸው ከዚች ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ባላቸው ለዓመታት በመድኃኒት እያደነዘዘ በገዛ ቤታቸው ሌሎች ወንዶች እንዲደፍሯቸው ያደርግ ነበር። በ2024 ችሎቱ ሲጀመር በዝግ እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችሉ ነበር። አልፈለጉም። በር ይከፈት አሉ። ኀፍረቱ የኔ አይደለም፣ የነሱ ነው አሉ። በዲሴምበር 51 ወንዶች ጥፋተኛ ተባሉ።

«በየቀኑ በቴሌቪዥን እናያቸው ነበር» አለች እታለም። «ማዳምና እኔ ቁጭ ብለን። ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ ልብሳቸው ንጹሕ ሆኖ፣ ቀጥ ብለው ይገባሉ። ሴቶች በር ላይ ተሰልፈው ያጨበጭቡላቸዋል። አንድ ቀን ማዳም ‹ሻርፗን አየሽ?› አሉኝ።»

ሻርፑን የላኩላቸው የአውስትራሊያ አረጋውያን ሴቶች ናቸው። የአገሬው ነባር ሕዝብ ሥዕል ያለበት ሐር ነው። ወይዘሮ ፔሊኮ ፍርድ ቤት አድርገውት ይገቡ ነበር። በልጅነቴ አጥር ሥር ያየሁት ሻርፕ ትዝ አለኝ። ያኔ እኛ ከሷ ልንወስድ ነበር የምናያት። እነዚያ አውስትራሊያውያን ግን ሰጧቸው።

ከካን ተነስተን በትንሹ ባቡር ግራስ ስንደርስ መሽቶ ነበር። መስኮት ስንከፍት አየሩ ይሸታል። አበባ ነው።

ስድስተኛ ቀን

ግራስ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት። መንገዶቿ ቁልቁል ናቸው፤ እንጦጦን ታስታውሳለች። ጥንት የቆዳ ከተማ ነበረች። ጓንት ሠሪዎቿ የቆዳውን ሽታ ለማጥፋት ጓንቱን ሽቶ ይነክሩት ጀመር። ቆይቶ ሽቶው ቆዳውን በለጠው።

ገና በማለዳ ከከተማው በታች ወዳለ፣ ለጎብኚ በሚከፈት እርሻ ሄድን። የግንቦት ጽጌረዳ የሚሉት ነው። ስስ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ቅጠሉ የበዛ አበባ። የሚለቀመው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም ፀሐይ ሳይበረታ። ለቃሚዎቹ አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው። ሽርጣቸውን ሰብስበው ኪስ አድርገው አስረዋል። አበባውን ከሥሩ በአውራ ጣት ቀንጠስ ያደርጉታል፤ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ300 በላይ አበባ ይፈልጋል። እኔም ሞከርኩ። ወገቤ ሲታመም እነሱ ገና ሁለተኛ መስመር እየጀመሩ ነበር። አንዲት ሴት የተሰነጣጠቀ ጣቷን አሳየችኝ። እሷ ሽቶ ትቀባለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እሑድ» አለችኝ።

ከሰዓት አንድ አሮጌ ሽቶ ቤት ጎበኘን። አስጎብኚው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የጥሬ ዕቃ መሳቢያዎች እየከፈቱ ያሸቱናል። የኛ አገር እጣን ነበር፣ ከርቤ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ የመጨረሻውን መሳቢያ ሳቡት። የከብት ቀንድ ነው። አፉ በቆዳ ታስሮ የነበረበት ምልክት አለው። ባዶ ነው።

«ሲቬት» አሉ። «ከኤቲዮፒ።»

እታለም ዞር ብላ አየችኝ። ዝባድ ነው! ከጅማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከወለጋ፣ ከጥርኝ ላይ የሚወሰደው ዝባድ። ነጋዴዎቻችን በቀንድ እያሸጉ ወደ ውጭ የሚልኩት። ኢትዮጵያ የዚህ ዕቃ ዋና ላኪ ሆና ቆይታለች። ለብቻው ሲሸት ከባድ ነው፤ ይከረፋል። ጠብታው ብቻ አበባው ላይ ሲጨመር ግን ሽቶውን ያሞቀዋል፣ ገላ ላይም ያቆየዋል። ስመ ጥር የሆኑ የፈረንሳይ ሽቶዎች ለብዙ ዓመታት ተሠርተውበታል። የፓሪሷ ሴት አልፋ ስትሄድ ኋላዋ የሚቀረው ሙቀት፣ ገጣሚዎች የሚያወድሱት፣ ከኛ አገር ጫካ የመጣ ነው።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከበደኝ። ጥርኙ በጠባብ የእንጨት ቤት ተዘግቶ ይኖራል። ዝባዱ ከኋላው ካለው እጢ በየጊዜው ይፋቃል። ዛሬ አብዛኞቹ ሽቶ ቤቶች በላቦራቶሪ የተሠራ ምትክ የሚጠቀሙት በዚሁ የተነሳ ነው። የጅማው ገበሬ ከዚያ ሽቶ ዋጋ ምን ደረሰው? የቀንዱ ባለቤትስ ማን ነበር? አስጎብኚውን ጠየቅኳቸው። ቀንዱን አገላብጠው አዩት። «ስም አልተጻፈበትም» አሉ።

ማታ እጄ ጽጌረዳ ይሸት ነበር። ታጥቤም አልለቀቀም።

ሰባተኛ ቀን

ወደ ፓሪስ ተመለስን። በማግስቱ ስለምበር ማዳምን ልሰናበታቸው ሄድኩ።

ስለ ቀንዱ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። ትንሽ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። እሳቸው ባንክ በሄዱበት ዓመት ባላቸው ለገና የገዙላቸው ሽቶ ነው። አልቆ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ብቻ ቀርቷል። ክዳኑን ከፍተው አፍንጫዬ ሥር ያዙት። መጀመሪያ አሮጌ እንጨት ሸተተኝ። ቀጥሎ ደረቅ አበባ። ከሁሉም ሥር ሞቅ ያለ፣ የገላ የሚመስል ነገር አለ። ያኔ የተሠራ ነውና ዝባድ ሊኖርበት ይችላል አልኳቸው።

«እንስሳው ያመዋል?» አሉ።

«ያመዋል።»

ጠርሙሱን ከደኑት። ቆይተው «እንግዲህ 60 ዓመት ተዋውቀናል ማለት ነዋ» አሉ። እኔን ይሁን ጥርኙን አላወቅኩም። እታለምም ቃሉን እንዳለ ነው የተረጎመችልኝ።

ነጠላውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር፤ ጥለቱ ወዴት እንደሚሆን፣ ለደስታ እንዴት፣ ለሐዘን እንዴት እንደሚለበስ። እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኙኝ። መጀመሪያ ገለበጡት። ውስጡን አዩ። ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው፤ የኛ ሸማኔ ጀርባ የሚባል ነገር አያውቅም።

መስታወት ፊት ሄደው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። አንዱን ጫፍ ለቀቁት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ወረወሩት። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንደምታደርገው ነው፤ ማንም አላሳያቸውም። ከዚያ ቀዩን ሊፕስቲክ አነሱ። ቀኙን በግራው ደግፈው ተቀቡ።

«ዳቦ አልቋል» አሉ። «እኔ እሄዳለሁ።»

እታለም ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል በእጃቸው መለሷት። ሊፍቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው አሉ። እኛ በደረጃ ወረድን። ስንደርስ ከበሩ ወጥተው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ጥለቱ ከኋላቸው ይታያል።